ወገብ ላይ የታሰረች ጓዳ

የታክሲ ረዳት እጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው!» አትበሉኝ። በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ ልብ ብላችሁ ግን አላያችሁትም ይሆናል። ሰውየው ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ትራፊኩ ላይ ነው። ብሮቹ በቁመታቸው ታጥፈው በጣቶቹ መሀል ተሰክተዋል። አሥሮቹ በአንዱ ጣት፣ ሃምሳዎቹ በሌላው፣ መቶዎቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለው። መቶ ብር ስትሰጡት መልሳችሁን መዥረጥ አድርጎ ሲያወጣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እጁ አያይም።

ለምን? ማያ ጊዜ የለውማ! ዓይኑ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ስለዚህ ማየቱን ለጣቱ አስተምሮታል።

እስቲ ይህንኑ የረዳቱን ሥራ አንድ ሰው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ሲሠራው አስቡት። በብር ፋንታ ብረት ይዞ። ሲሳሳት የሚከስረው ደግሞ የመልስ ብር ሳይሆን እግሩን፣ ሲከፋም ሕይወቱን ሆኖ። የዛሬው ጨዋታችን ስለነዚህ ሰዎች ነው። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማወራችሁ ወገባቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉት ዕቃና ስለ አደራደሩ ነው። «እኛ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መውጣት አቅቶን…» ያላችሁ አንባቢያን፣ ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ገደል ለማይወጣም ሰው ይሆናል።

ሲነሳ ሲቀመጥ የሚንሿሿ ሻንጣ

ስሙ ይቆየንና አንድ አብሮ አደጌ አለ። ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለቤቱም የኛው ልጅ ናት፤ እዚያው ነው የተዋወቁት። ለእህቱ ሠርግ መጥተው የሰነበቱ ጊዜ ከሻንጣዎቻቸው አንዱ በተነካ ቁጥር ይንሿሿ ነበር። እናቱ «ልጄ ጋራዥ ከፈተ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ሻንጣው ሲከፈት ጋራዥስ ምን አላት! መንጠቆ፣ ሽቦ፣ ገመድ፣ ባለ ቀለም ጠፍር፣ ጥርስ ያለው የሚከፈት የሚዘጋ ብረት…

ለካስ ጥንዶቹ ቅዳሜና እሁድን የሚያሳልፉት ካፌ ውስጥ አይደለም። ከቦልደር ከተማ አጠገብ ኤልዶራዶ ካንየን የሚባል ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ገደል አለ፤ እዚያ ተንጠልጥለው ነው የሚውሉት። ከሠርጉ በኋላም ወደ ኬንያ አልፈው ሄልስ ጌት በተባለው ፓርክ ገደል ሊወጡ ነበር ያሰቡት። እኔ መቼም ጠያቂ ነኝ። ሙሽሮቹ መልስ ሲጠሩ፣ ዘመድ ሲገባ ሲወጣ፣ እኔ ጥንዶቹን ይዤ «ይኼስ? ያኛውስ?» እያልኩ ሰነበትኩ። መታጠቂያውንም አስታጠቁኝ። የሰማሁትንና በእጄ የነካሁትን ላካፍላችሁ።

ስፖርትና ትራድ

ገደል አወጣጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለዛሬ ግን ሁለቱን ብቻ እንለይ። አንደኛው «ስፖርት» ይባላል። ድንጋዩ ላይ ሌሎች ሰዎች ቀደም ብለው በድሪል በስተው ብሎን አስረውበታል። ወጪው ብሎኑ ጋ ሲደርስ መንጠቆውን ይሰካል፣ ገመዱን ያስገባል፣ ይቀጥላል። ወገቡ ላይ የሚይዘው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛውን ላንሳ ብሎ አይጨነቅም።

ሁለተኛው «ትራድ» የሚሉት ነው። ድንጋዩ ላይ ምንም የለም። መሪው ከመውደቅ የሚያድነውን ዕቃ በሙሉ ራሱ ተሸክሞ ይወጣል። ስንጥቅ ሲያገኝ የስንጥቁን ስፋት በዓይኑ ይለካል፣ ልኩ የሆነውን ብረት ከወገቡ ያወጣል፣ ይሰካል፣ ስቦ ይፈትናል፣ ገመዱን ያያይዛል፣ ያልፋል። ከታች ያለው ጓደኛው ገመዱን ይዞለታል። መሪው ላይ ሲደርስ ተራው የተከታዩ ይሆናል፤ እየነቀለ፣ እየሰበሰበ ይመጣል። ሲጨርሱ ድንጋዩ እንደነበረ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ያዙ። መሪው ከመጨረሻው ብረት 3 ሜትር በላይ እያለ ቢወድቅ የሚወድቀው 3 ሜትር አይደለም። ወደ ብረቱ 3፣ ከብረቱ በታች 3፣ ድምሩ 6 ሜትር ይሆናል። የገመዱ መለጠጥ ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ እጁ ድንጋዩን ጨብጦ፣ በሌላው ወገቡን እየዳበሰ የሚያባክናት እያንዳንዷ ሰከንድ ዋጋ አላት። ክንዱ ደም ሞልቶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ጣቱ ይከፈታል። ያን ጊዜ «ቢጫዋ የት ነበረች?» ብሎ ነገር የለም!

ከሐዲድ ዳር የተለቀመ ዳዶ

የዕቃውን ታሪክ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። የድሮ እንግሊዛውያን ወጪዎች ኪሳቸው ውስጥ ጠጠር ይዘው ይወጡ ነበር። ጠጠሩን ስንጥቅ ውስጥ ያስገቡና በዙሪያው ገመድ ያስራሉ። ኋላ ላይ በ1950ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) በዌልስ፣ በስኖውደን ተራራ አካባቢ ወደ ገደሉ ሲሄዱ ከባቡር ሐዲዱ ዳር የወዳደቀ ዳዶ ይለቅሙ ጀመር። አዎ፣ ጋራዥ ያለው ዳዶ! ጥርሱ ገመዱን እንዳይቆርጠው በሞረድ ያለሰልሱታል፣ ገመድ ያስገቡበታል፣ ስንጥቅ ውስጥ ይወሽቁታል። ዛሬ ፋብሪካ የሚሠራው፣ በሽቦ ጫፍ ላይ የተሰካው ሽብልቅ መሳይ ብረትም እስካሁን በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዳዶ ስም ነው። እኔም ዳዶ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሜሪካኖቹ በዚያን ጊዜ በመዶሻ የሚቸነከር ብረት ነበር የሚጠቀሙት። ብረቱ ሲገባ ሲወጣ ድንጋዩን እያቆሰለ አስቸገረ። በ1967 ሮያል ሮቢንስ የተባለው ወጪ ከባለቤቱ ከሊዝ ጋር ሆኖ በካሊፎርኒያው ዮሰማይት ውስጥ «ነትክራከር» የተባለውን መስመር መዶሻ ሳያነሱ በዳዶ ብቻ ወጡት። ባልና ሚስት መሆናቸውን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ባልና ሚስት ጉዳይ እመለሳለሁና። በ1972 ደግሞ ኢቮን ሹናርድና ቶም ፍሮስት በዕቃ ካታሎጋቸው «መዶሻውን ተዉት፣ ድንጋዩን አታቁስሉ» የሚል ቅስቀሳ ጀመሩ። ሹናርድ ማለት ልብስ የሚሠራውን ፓታጎንያን ያቋቋመው ሰውዬ ነው።

ከዚያ የመጣው «ካም» ነው። ሬይ ጃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው ሲሆን በ1978 እንግሊዝ አገር «ፍሬንድ» ተብሎ ለገበያ ወጣ። ምላጩን በጣት ስትስቡት ጥርሶቹ ይጠባሉ፣ ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ስትለቁት ይከፈታሉ። ሰው ወድቆ ሲጎትተው ደግሞ ጥርሶቹ ወደ ጎን እየገፉ የበለጠ ይነክሳሉ። ዳዶ ጠበብ ብሎ የሚያቅፈው ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ካም ግን ወጥ ስፋት ባለው ስንጥቅ ውስጥም ይይዛል።

እንግዲህ አንድ መሪ አሥር የሚሆን ዳዶ፣ ስምንት የሚሆን ካም፣ አሥር የሚሆን ማያያዣ፣ ረጃጅም ጠፍሮች፣ ቁልፍ ያላቸው መንጠቆዎች… ይኼን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ጥቂት ኪሎ ነው እንግዲህ! ደግሞ አንዱ ካንዱ እንዳይጠላለፍ።

አራት ቀለበት፣ አራት መደርደሪያ

መታጠቂያው ወገብንና ሁለቱን ጭኖች የሚያቅፍ ሰፊ ቀበቶ ነው። ከፊት ለፊት ወገቡንና ጭኑን የሚያገናኝ አንድ ወፍራም ቀለበት አለ። ግራና ቀኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት የዕቃ ማንጠልጠያ ቀለበቶች አሉ። ከኋላ አምስተኛ ያለውም አለ። እነዚህ አራት ቀለበቶች ናቸው ጓዳው።

አብሮ አደጌ እንዲህ ይደረድራል፦

በቀኝ ፊት ካሞቹ። እያንዳንዱ ካም የራሱ መንጠቆ አለው። ትንሹ ከፊት፣ እየተለቀ ወደ ኋላ። ትልልቆቹ ከባዶች ስለሆኑና እግር ስለሚመቱ ወደ ቀኝ ኋላው ቀለበት ያልፋሉ።

በግራ ፊት ዳዶዎቹ። እነሱ እንደ ካም አንድ በአንድ አይሰቀሉም። አምስት ስድስቱ እንደ ቁልፍ ዘለላ በአንድ መንጠቆ ይታሰራሉ። ለምን? ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ዘለላውን በሙሉ ያወጣና አንዱን ይሞክራል፤ አልሆነም፣ ቀጣዩን ይሞክራል። ልኩ ሲገኝ ወሽቆት፣ መንጠቆውን አላቆ ቀሪውን ይመልሳል። ዘለላው ግን ሁለት መሆን አለበት፤ የትንንሾቹና የትልልቆቹ። አንዱ ከእጅ ቢያመልጥ በሌላው ለመቀጠል ነው።

በግራ ኋላ ማያያዣዎቹና ጠፍሮቹ። ብረቱን ከሰካ በኋላ ገመዱን የሚያገናኝበት ነው። አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ። ረጅሙ ጠፍር መስመሩ ወዲያና ወዲህ ሲል ገመዱ እንዳይታጠፍና ብረቱን ጎትቶ እንዳያወጣው ያገለግላል።

በስተኋላ ጥግ፣ ላይ ደርሶ ሲቆም ብቻ የሚፈልገው። ቁልፍ ያላቸው መንጠቆዎች፣ ገመድ መያዣው፣ ወፍራሙ ማሰሪያ ክር፣ ዳዶ መንቀያው፣ የመውረጃ ጫማው።

ሕጉ ምን መሰላችሁ? በጭንቅ ጊዜ የሚፈለገው ከፊት፣ በእፎይታ ጊዜ የሚፈለገው ከኋላ። እናቶቻችን ጓዳቸውን የሚያደራጁት እንዲሁ አይደል? መብራት ሲጠፋ ሻማና ክብሪቱ እጃቸው ሥር ነው። የፋሲካው ድስት ግን የት እንዳለ የሚታወቀው ለፋሲካ ነው!

ሁለት ነገር ጨመረልኝ። አንደኛ፣ የመንጠቆዎቹ በር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር። ወደ ገላም ይሁን ወደ ውጪ የያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው፤ መደባለቅ ግን የለም። እጅ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው መልመድ ያለባት። ሁለተኛ፣ ክብደቱ በግራና በቀኝ ይመጣጠን። መስመሩ አንድ ጎናችሁን ከግድግዳ ጋር የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ሕጉ ይለወጣል፤ «የግድግዳውን ወገን ባዶ አድርገው» ነው ያለኝ። አለበለዚያ የምትፈልጉት ዕቃ በገላችሁና በድንጋዩ መሀል ተቀርቅሮ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት መስመር ላይ ዕቃውን በትከሻ በሚጠለቅ ጠፍር መያዝ የሚመርጡም አሉ፤ ወደ ፈለጉት ጎን ያዞሩታላ።

ደግሞ ሁሉን መሸከም ጉብዝና አይደለም። ዩታ ውስጥ ኢንዲያን ክሪክ የሚባል ቦታ አለ፤ ስንጥቆቹ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ስፋት ስላላቸው አንድ ልክ ያለው ካም ስድስትና ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። እንግሊዝ አገር ፒክ ዲስትሪክት ያሉት ገደሎች ደግሞ አጫጭር ናቸው፤ እዚያ ይኼን ሁሉ መጎተት ለሱቅ ዕቃ ጭነት መኪና መከራየት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከታች ቆሞ ድንጋዩን ማየት፣ መጽሐፉን ማንበብ፣ ከዚያ መደርደር።

ባንዲራው ወገቤ ላይ ነው!

ካሞቹ ቀለም አላቸው። ብላክ ዳይመንድ የሚባለው ኩባንያ ካም ላይ 0.75 ቁጥር አረንጓዴ፣ 1 ቁጥር ቀይ፣ 2 ቁጥር ቢጫ ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ምን እንደሚመስሉ ልነግራችሁ አያስፈልግም። አብሮ አደጌ «እኔ ባንዲራ መኪናዬ ላይ አልለጥፍም፤ ወገቤ ላይ አለ» እያለ ይቀልዳል። «ቅደም ተከተሉ ግን ተሳስቷል» አልኩት። «እሱን ለፋብሪካው ንገርልኝ!» አለኝ።

ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። አረንጓዴው ከ24 እስከ 41 ሚሊሜትር ለሚሰፋ ስንጥቅ ነው። ቀዩ ከ30 እስከ 52። ቢጫው ከ37 እስከ 65። ከቢጫው የሚቀጥለው ሰማያዊ 3 ቁጥር ወደ 88 ይደርሳል። የሚገርመው ልኬቱን የሚያስታውሱት በሚሊሜትር ሳይሆን በገላቸው ነው። ጣት የሚገባበት ስንጥቅ፣ መዳፍ እንደ ምንም የሚገባበት፣ መዳፍ ልክክ የሚልበት፣ ቡጢ የሚሞላበት… ባለቤቱ እጇ ትንሽ ነው። ለሱ የቀይ ልክ የሆነው ስንጥቅ መዳፉን ሲያጠብበት፣ ለሷ ግን ይመቻታል። «የሰው እጅ የሰው ነው፤ የራስህን እጅ ተማር» አለችኝ። የሌላ ኩባንያ ካም ደግሞ ቀለሙ ሊለያይ ስለሚችል፣ ደባልቆ የሚይዝ ሰው የራሱን ቀለሞች ቀድሞ ማጥናት አለበት። መንጠቆውንም ከካሙ ጋር ተመሳሳይ ቀለም ማድረግ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኩርፊያው

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ይህን ክፍል ለየብቻቸው ጠይቄ ነው የሰማሁት፤ ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደዋል።

በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ረጅም መስመር ነበር፤ በየተራ የሚመራ። አንደኛውን ክፍል እሱ መራ። እሷ ዕቃውን እየነቀለች ተከተለችው። ደመና መጣ። እሱ ከላይ «ፍጠኚ! ዝናብ ሊመጣ ነው!» እያለ ይጮሃል። እሷ የነቀለችውን ሁሉ እጇ በደረሰበት ቀለበት ላይ ማንጠልጠል ጀመረች። ካሙን ከጠፍሩ ጋር፣ ዳዶውን ከካሙ ጋር። ላይ ስትደርስ ተራው የሷ ነበር፤ እሱ ግን «ጊዜ የለም፣ እኔው ልቀጥል» አለና ዕቃውን ከወገቧ ላይ በእፍኝ በእፍኝ እያነሳ ወገቡ ላይ ወረወረው። ሳያስተካክል ሄደ።

ከመጨረሻው ብረት በላይ አራት ሜትር ገደማ ሲደርስ ስንጥቁ መዳፉን ልክክ አደረገው። ቢጫ! እጁን ወደ ቀኝ ሰደደ። ቢጫ የለም። ጠፍር። ወደ ኋላ ሰደደ። ዳዶ። ቢጫው በግራ በኩል፣ ረጅሙ ጠፍር ሥር ተጠላልፎ ተቀምጧል። እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቢጫውን አግኝቶ እየጎተተው እያለ ነው ጣቶቹ የተከፈቱት።

ብረቱ ያዘው፣ ገመዱ ያዘው፣ እሷም ያዘችው። ግን ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ከአንድ ብቅ ያለ ድንጋይ ጋር ተገናኘ። ስድስት ሳምንት ጄሶ!

«ማን ነው ያጠፋው?» ስል ጠየቅሁት። «እሷ ናት የደባለቀችው» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው አልጠነከረም። እሷን ጠየቅሁ። «የነቀልኩትን የት ላድርገው ብዬ ተማክረን እናውቃለን? አላወራንም። ደግሞ እኔ ደባለቅሁ እንበል፤ ታጥቆ የሄደው ማነው? ወገቡን አይቶ ነበር?» አለችኝ። ጄሶው ሳይፈታ ሁለት ጊዜ ተኳርፈዋል። አንዱ ኩርፊያ አሥር ቀን ፈጅቷል።

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ግን የታየኝን ልናገር። ስንጥቁ፣ ዝናቡ፣ ቢጫው ሁሉ ሰበብ ናቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ታስረው የጓዳቸውን ሥርዓት አለመነጋገራቸው ነው ነገሩ። እሱ በልቡ «ታውቃለች» ብሎ ነበር። እሷ በልቧ «ያስተካክለዋል» ብላ ነበር። በልብ የተቀመጠ ስምምነት ደግሞ ስምምነት አይደለም። ቤት ኪራይ የምትጋሩ፣ ዕቁብ የምትጥሉ፣ ሱቅ አብራችሁ የከፈታችሁ ሁሉ ይኼ ነገር የት ቤት እንደሚያንኳኳ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ የነቀለውም ሰው እዚያው እየነቀለ በቦታው ይሰቅላል። ሁለተኛ፣ ዕቃ ከአንዱ ወገብ ወደ ሌላው ሲሻገር አንድ በአንድ ነው። ሰጪው «ያዝክ?» ይላል፣ ተቀባዩ «ይዣለሁ» ሳይል ሰጪው አይለቅም። ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም! አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የማይሸከመው ቀለበት

ይህን ክፍል ዝለሉት እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ጽሑፍ ሁሉ ተረስቶ ይኼ ብቻ ቢቀር አይቆጨኝም። የዕቃ ማንጠልጠያው ቀለበት የሰው ክብደት አይሸከምም። አብዛኞቹ የተሠሩት ለ5 ወይም ለ10 ኪሎ ያህል ነው። ከፊት ያለው ወፍራም ቀለበት ግን 15 ኪሎኒውተን ይችላል፤ ወደ 1500 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ማለት ነው። ሁለቱም ጨርቅ ናቸው፣ ሁለቱም ቀለበት ናቸው፣ በድካም ሰዓት ደግሞ ይመሳሰላሉ። ራሱን በዕቃ ቀለበት አስሮ ወደ ኋላ የተደገፈ ሰው ራሱን በኮት መስቀያ ሰቅሏል ማለት ነው።

ጠንካራውም ቢሆን ያረጃል። ቶድ ስኪነር በዓለም የታወቀ ወጪ ነበር። በኦክቶበር 23 ቀን 2006 ዮሰማይት ውስጥ ሊኒንግ ታወር ከተባለው ገደል በገመድ ሲወርድ የመታጠቂያው የፊት ቀለበት ተበጥሶ ሞተ። ቀለበቱ በብዛት ከመሥራቱ የተነሳ አልቆ ነበር። ያን የሚያህል ባለሙያ! ስለዚህ ዕቃ መደርደር ማለት ዕቃ ማየትም ማለት ነው። በየጊዜው ስትደረድሩ እግረ መንገዳችሁን ጠፍሩ ተልጓል? ሽቦው ተፈትሏል? የመንጠቆው በር ይዘጋል? የካሙ ምላጭ ይመለሳል? ብላችሁ መርምሩ። የተጠራጠራችሁትን ጣሉ፤ ለታናሽ ወንድም አታውርሱ።

ለኛ ምናችን ነው?

«ይኼ የፈረንጅ ጉድ ነው» የሚል አይጠፋም። ገደልና ገመድ ግን ለኛ አገር አዲስ አይደሉም። ደብረ ዳሞ ከሄዳችሁ ወንዶች (ሴቶች አይፈቀድላቸውም) 15 ሜትር ያህል ግድግዳ በቆዳ ገመድ ተስቦ ነው የሚወጣው። ሌላ ገመድ ወገባችሁ ላይ ይታሰራል፤ አናቱ ላይ የቆመ መነኩሴ እናንተ በወጣችሁ ቁጥር ገመዱን ይሰበስበዋል። ትራድ ወጪዎች ተከታያቸውን የሚጠብቁት ልክ እንደዚሁ ነው። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ አረጋዊ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸውና፣ ማን ማንን እንደቀደመ እናንተው ፍረዱ። ገርዓልታ ላይ ወዳለው አቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያንም ቀሳውስቱና ምእመናኑ በባዶ እግር ድንጋይ እየቧጠጡ ነው የሚወጡት።

በ2007 ማይካ በርሃርት የተባለች አሜሪካዊት ከጓደኞቿ ጋር መጥታ በትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ እንዲህ ባለው ዕቃ ወጥታለች። በ2008 «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» የተባለ መጽሐፍ አሳትማለች። ድንጋያችን በየቦታው ገር ነው፤ የሚፈረፈር አለ፣ ብረት የማይታመንበት አለ። ብዙው ገደል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ነው። ያገሩን ሰው ሳይጠይቁ፣ ሳያስፈቅዱ መንጠላጠል ነውርም አደጋም ነው።

ዓይን ጨፍኖ

ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ጋዜጣ አንብቦ ገደል አይወጣም። ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ በመጀመሪያ ተከታይ ሆናችሁ እየነቀላችሁ ተማሩ። መንቀል ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ጥሩ የተሰካና መጥፎ የተሰካ ብረት የሚለየው ያን ጊዜ ነው ይላሉ።

እቤት የሚሠራ ልምምድ ግን አለ። ጥንዶቹ ሳሎን ውስጥ አሠርተውኛል። መታጠቂያውን ትታጠቃላችሁ፣ ዕቃውን በቦታው ትሰቅላላችሁ፣ ዓይናችሁ በሻሽ ይታሰራል። አንድ እጃችሁ ግድግዳ ይይዛል፤ እሱን መልቀቅ የለም። ሌላው ሰው ይጠራል፦ «ቀይ! ረጅም ጠፍር! ትንንሽ ዳዶ! ቢጫ!» የተጠራውን አውጥታችሁ ታሳያላችሁ፣ በቦታው ትመልሳላችሁ። ከዚያ በሌላኛው እጅ ይደገማል፤ ገደሉ የትኛውን እጅ ሥራ እንደሚያስፈታ አያማክራችሁምና። የአብሮ አደጌ እናት ቡና እያፈሉ ያዩን ነበር። «ቢጫ!» ስባል ቢጫውን ሳወጣ እልልታቸውን አቀለጡት። የካሜራ ባለሙያው የሠርጉ ቪዲዮ ውስጥ አስገብቶት ይሆን እንዴ ብዬ እስካሁን እሰጋለሁ።

እሳቸው ግን መጨረሻ ላይ ልጃቸውን ለብቻው ጠርተው መታጠቂያውን በእጃቸው አገላብጠው አዩት። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ጎተቱ። «ከነዚህ ውስጥ አንተን የምትይዝህ የቷ ናት?» አሉት። የፊቷን አሳያቸው። ጣታቸውን አስገብተው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ስፌቱን ዙሪያውን አዩና «ይቺን በየጊዜው እያት» አሉት።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ በቸር ይግጠመን!